የእባቡ ሳጥን ልክ

ባለፈው ቅዳሜ የወንድሜ ልጅ ሳምራዊት ደወለችልኝ። ሰላምታውን እንደ ነገሩ ካደረሰች በኋላ፣ «አስኩዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ግን አትቆጪኝም» አለች። እንዲህ የምትለው መልሱን ሳትሰማ የወሰነችው ነገር ሲኖር ነው። ጓደኛዋ መርዝ የሌለው እባብ ሊሰጣት ነው። ሰዎች እንደ ድመት ሲያሳድጉት በስልኳ አይታ ልቧ ሄዷል። የምትኖረው ኮንዶሚኒየም አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ የመስታወት ቤት ልታሠራለት ፈልጋ ምን ያህል እንደሚበቃው አላወቀችም።

«ተዘርግቶ ሲተኛ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ስንት ነው?» አልኳት፣ ከማነበው መጽሐፍ ቀና ሳልል። «የቤቱ ርዝመት ከዚያ ማነስ የለበትም። ወርዱ የርዝመቱ ግማሽ ይሁን። በደንብ የሚገጥም ክዳን፣ ገብቶ የሚደበቅበትም ነገር ያስፈልገዋል።»

«አንቺ ደግሞ ይህን ከየት አመጣሽው?» አለች።

ከየት እንዳመጣሁት በስልክ የሚነገር አይደለም።

አባቴ ሳጥን ሠሪ ነበር። ምናለሽ ተራ፣ በርሜል ከሚቀጠቅጡት ሰዎች አጠገብ፣ የሙሽራ ልብስ የሚቀመጥባቸውን የቆርቆሮ ሳጥኖች ይሠራል፤ አረንጓዴ ቀለም የተቀቡ፣ ክዳናቸው ላይ ቀይ አበባ የተሳለባቸው። ሰፈሩ ጋሼ ወልዴ ይለዋል። የሱ ሳጥን ሲዘጋ ድምፁ ከሌላው ይለያል ይሉ ነበር። እውነት ነው፤ ክዳኑ አንዴ «ጥፍ» ብሎ ይቀመጣል እንጂ አይንኳኳም። እኔ ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ ከጎኑ ነበርኩ። ወንድሜ ተማሪ ቤት ሲሄድ እኔ ቆርቆሮ እይዛለሁ፣ የሜትሩን ጫፍ እስባለሁ። ፊደል ባልቆጥርም ቁጥርን ከዚያ ሜትር ላይ ለቅሜ ተምሬዋለሁ።

ቤታችን አማኑኤል አካባቢ ነበር። ከግቢያችን የኋለኛዋን ክፍል የተከራዩት መምህር ታደለ የሚባሉ የሳይንስ አስተማሪ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ኪሳቸው ጠመኔ የማይጠፋው ሰው። አንድ ክረምት መግቢያ ላይ፣ ከቆላ በመጣ የከሰል ጆንያ መሃል ቡናማ እባብ ተገኘ። ተሸካሚዎቹ ሊቀጠቅጡት ዱላ ሲያነሡ መምህር ታደለ ደረሱና በእጃቸው አፈፍ አድርገው ወደ ግቢ ይዘውት ገቡ። መርዝ እንደሌለው፣ አይጥ በልቶ እንደሚኖር አስረዱ። ማንም አልሰማቸውም። እናቴ ሳምንት ሙሉ በጓሮ በኩል ማለፍ ተወች።

የምቀርበው እኔ ብቻ ስለነበርኩ አይጥ ማምጣቱ የኔ ሥራ ሆነ። እህል በረንዳ እሄዳለሁ። ዝናብ የነካው ጆንያ ሽታና የጤፍ ብናኝ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ነጋዴዎቹ አይጥ ሊከለክሉኝ ቀርቶ መርቀው ነበር የሚሰጡኝ። ተሸካሚዎቹ ግን ገና ከሩቅ ሲያዩኝ፣ «የእባቡ ሞግዚት መጣች፤ ምሳውን ቋጥሩላት» ይሉኛል።

መምህር ታደለ በዚያው ክረምት ፊደል አስቆጠሩኝ። እባቡ ክዳኑ ወንፊት በሆነ ባልዲ ውስጥ ተጠቅልሎ ይተኛል፤ እኔ ከባልዲው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጬ «ሀ ሁ» እላለሁ። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ከሕፃናት ጋር አንደኛ ክፍል መግባት የማይታሰብ ነው። እሳቸው የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ግን ዕድሜው የገፋ ልጅ፣ የሚመሰክርለት አስተማሪ ካገኘ፣ ተፈትኖ ከፍ ካለ ክፍል እንዲጀምር ይፈቅድ ነበር።

ሐምሌ ላይ እናታቸውን ሊጠይቁ ወደ አገር ቤት ሲነሡ ጠሩኝ። ለእባቡ አባቴ ሳጥን እንዲሠራለት ተነጋግረዋል፤ ልኩን የማመጣው እኔ ነኝ።

«እባብ ግድግዳ ይወዳል» አሉኝ። «ጥጉን ይዞ ሲሄድ ቀጥ ይላል። ያኔ ሲባጎውን ከጎኑ አስኪጂና ቋጥሪበት። ሦስት ቀን ለኪው። እሱ የሚዘረጋበት ቦታ ካጣ ይታመማል። ይህን ልክ በትክክል ካመጣሽልኝ፣ መስከረም ላይ እኔው ይዤሽ ሄጄ እመሰክርልሻለሁ።»

ሦስት ቀን ለካሁ። ዘጠና ሁለት፣ ዘጠና ሁለት፣ ዘጠና አንድ ሳንቲ ሜትር። ሦስተኛው ቀን ጎበጥ ብሎ ስለነበር አራተኛ ቀን ደገምኩት፤ ዘጠና ሁለት። ለመላወሻ ትንሽ ጨምሬ፣ ከሲጋራ ካርቶን ጀርባ ላይ በራሴ እጅ «95 በ50» ብዬ ጻፍኩ። በሕይወቴ ለሰው ብዬ የጻፍኩት የመጀመሪያው ነገር ነው። ስለ ትምህርት ቤቱ ለእናቴ ብቻ ነገርኳት።

ነሐሴ ነበር፤ ዝናቡ የሱቁን ጣራ ይደበድባል። አባቴ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት እየጋጠ ካርቶኑን ተቀበለኝ።

«ይሄ ምንድን ነው? ሬሳ ልትቀብሪበት ነው?» አለ።

በርሜል ቀጥቃጮቹ ሳቁ። ሰው ሲስቅለት አባቴ ይጨምራል።

«ሳጥን እኮ የተጣጠፈ ነገር ማስቀመጫ ነው። ጋቢውን ዘርግቶ ሳጥን የሚያሠራ አይተሽ ታውቂያለሽ? እባቡ እንደሆነ ተጠቅልሎ ባልዲ ውስጥ ተኝቷል።»

የተጠቀለለው ባልዲ ውስጥ ስለሆነ ነው አልኩት። ቀስ ብዬ ነው ያልኩት፤ እንዲሰማኝ አልነበረም መሰለኝ። ካርቶኑን የመበየጃው ብረት የሚሞቅበት ከሰል ላይ ጣለና ስልሳ በአርባ ቆረጠ። የሜትሩን ጫፍ የያዝኩለት እኔ ነኝ። ስልሳ ላይ ምልክት ሲያደርግ ጣቴ ሜትሩ ላይ ነበር።

ከሠራቸው ሁሉ ያማረ ሳጥን ነበር፤ ይህን ልክደው አልችልም። ጠርዙን በሞረድ አለሳልሶ፣ ላዩን በሽቦ ወንፊት ከድኖ፣ አረንጓዴ ቀባው። እባቡ ግን አንድ ቀን አላረፈም። ከጥግ ጥግ እየዞረ ወንፊቱን በአፍንጫው ይገፋል። በሁለተኛው ሳምንት ሽቦው ላይ ደም አየሁ። አባቴ ሱቅ ሲሄድ እያወጣሁ በግድግዳው ጥግ አስኬደው ነበር። መልሼ ሳስገባው ጭራው መጨረሻ ላይ ይቀራል፤ በጣቴ ገፋ አድርጌ እዘጋበታለሁ።

መምህር ታደለ በጳጉሜን ተመለሱ። እባቡን አይተው ለጊዜው ባልዲው ውስጥ ካደረጉት በኋላ ሳጥኑን በብብታቸው ይዘው ወደ ሱቅ ሄዱ። ተከትያቸው ሮጥኩ።

«ጋሼ ወልዴ፣ እጅዎ ይባረክ፤ ሥራው ግሩም ነው» አሉ። «ልኩን ግን ማን ነው የሰጠዎት?»

አባቴ ከቆርቆሮው ቀና አላለም። ጎረቤቶቹ መቀጥቀጣቸውን አቁመው ነበር።

«አስካለ ናት፤ እኔ የተሰጠኝን ነው የሠራሁት» አለ።

መምህር ታደለ ወደ እኔ ዞሩ። ጠበቁኝ፤ ረጅም ጊዜ ነው የጠበቁኝ። ዘጠና ሁለት የሚለው ቁጥር ምላሴ ላይ ነበር። አባቱን በሰው ፊት ውሸታም የምታደርግ ልጅ ምናለሽ ተራ ውስጥ አይቼ አላውቅም፤ የመጀመሪያዋ እኔ መሆን አልቻልኩም። አንገቴን ደፋሁ።

«ሦስት ቀን ለኪ ብዬሽ ነበር እኮ» አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ለዘንድሮ ይቆይ። ሌላ ዓመት እናያለን።»

ሌላ ዓመት አልመጣም። እባቡ አፉ አብጦ፣ አይጡን ዞር ብሎ ሳያይ፣ ለመስቀል ሁለት ቀን ሲቀረው ሞተ። መምህር ታደለ በጥቅምት ወደ ሌላ ክፍለ አገር ተዛወሩ። ሲሰናበቱኝ አንድ እርሳስ ሰጡኝ። ባዶውን ሳጥን አባቴ መልሶ ወሰደውና ምስማር አስቀመጠበት። ሱቁ እስኪዘጋ ድረስ ዓይኔ ሥር ነበር።

ለብዙ ዓመታት፣ አባቴ ያን ያለው ሥራው በጎረቤት ፊት እንዳይነቀፍበት ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ላይ የማታ ትምህርት ጀምሬ፣ የልጆች እናቶችና ተሸካሚዎች መሃል ተቀምጬ ስመለስ፣ እናቴ አንድ ቀን እንደ ዋዛ ነገረችኝ። ካርቶኑን የሰጠሁት ዕለት ጠዋት፣ የእባቡ ልክ ትክክል ከሆነ መምህሩ ለትምህርት ቤት ሊመሰክሩልኝ እንደሆነ ለአባቴ ነግራው ነበር። «ሜትሩን ማን ሊይዝልኝ ነው?» ነበር ያለው። ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ ሠላሳ ዓመት ሠራሁ። ባልደረቦቼ ችኮ ይሉኛል። ይበሉ።

አባቴ የሞተው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። የመጨረሻዎቹን ወራት አልጋው ላይ ጉልበቱን ደረቱ ላይ አጥፎ፣ የሕፃን ያህል ሆኖ አሳለፈ። ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ሬሳ ሳጥን ልናዝዝ ስንሄድ ሠሪው ቁመቱን ጠየቀ። ወንድሜ፣ «ሰውነቱ እኮ አልቋል፤ አጠር ያለው ይበቃዋል» አለ። «አንድ ሜትር ከሰባ አራት» አልኩ። ጠዋት ገናዦቹ ካቃኑት በኋላ፣ በራሱ ሜትር፣ እኔው ነበርኩ የለካሁት። ጫፉን የሚይዝልኝ ስላልነበረ አልጋው ራስጌ ላይ በምስማር አስያዝኩት። ለቀስተኞቹ ምን ዓይነት ልጅ ናት ብለው አለቀሱ። ፍቅር እንዳይመስላችሁ። ልኩ ያ ስለሆነ ነው።

ትናንት ከሳምራዊት መልእክት መጣልኝ። የጓደኛዋን እባብ ለክታዋለች፤ አንድ ሜትር ከአሥር ነው። ከዚያ ሥር እንዲህ ብላ ጽፋለች፤ «አስኩዬ፣ አልጋዬና ቁም ሳጥኑ ቦታውን ይዘውብኛል። ወደ ሰባ ባሳንሰውስ? እሱ እንደሆነ ይጠቀለላል።»

መነጽሬን አድርጌ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጅቷ ክፉ አይደለችም። አያቷን የምታውቀው በሽማግሌነቱ፣ ከረሜላ ሲሰጣት ነው። «እንግዲያው አትውሰጂው» ብዬ ጻፍኩላት። አሁን ተቀይማኛለች፤ ሳትደውል ዋለች። ስልኩን አጠገቤ አድርጌ ተቀምጫለሁ፤ የጻፍኩትን ግን አልመልሰውም። ይህን አንድ ቃል ያኔ ሱቁ ውስጥ ለአባቴ ብናገረው ኖሮ ይሰማኝ ነበር ወይ እያልኩ አስባለሁ። አይመስለኝም። ግን የማላውቀው ስላልተናገርኩት ነው።