መንገዱ የተዘጋ እሁድ

ዓረብ አገር፣ አሽራፊዬ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት ስሠራ ነው። ቴሌቪዥኑ ሳምንቱን ሙሉ «እሁድ አውራ ጎዳናው ይዘጋል፤ ከቤት እንዳትወጡ!» እያለ ሲጮህ ከረመ። ማዳሜ ጦርነት የመጣ ይመስል ዳቦ ስታከማች ሰነበተች። እኔን ለቤተ ክርስቲያን የለቀቀችኝ በስንት ልመና ነው።

ብወጣ ከተማው ጭር ብሏል፤ ለካ ሰው ሁሉ ፈርቶ ቤቱ ቀርቷል። ሌላ ጊዜ አንድ ሰዓት የሚፈጀውን መንገድ ታክሲው ውስጥ ለውስጥ ብሎ በአሥር ደቂቃ አደረሰኝ።

እንደ ልማዴ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ፊት ጫማዬን አውልቄ መሬት ላይ ተደፍቼ ሰገድኩ። ቀና ስል ካሜራ ተደቅኖብኛል፤ አንዲት ጋዜጠኛ አናቴ ላይ ውሃ ታፈስሳለች።

«ስንት ሰዓት በእግርሽ ተጓዝሽ?»

«ኧረ በታክሲ ነው የመጣሁት! እየጸለይኩ እኮ ነው!»

«ያላ፣ ዝም በይ፤ ደክሞሻል።»

ግራ እንደገባኝ ቤት ስመለስ ማዳሜ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጣ ታለቅሳለች። እኔው ነኝ፣ በባዶ እግሬ አስፋልት ላይ ተደፍቼ፤ ከሥሬ «መንገዱ በመዘጋቱ በድካም የወደቀች ሠራተኛ» የሚል ተጽፏል።

«ማዳም፣ ደህና ነኝ! ስግደት ነው!»

«ያኒ ቴሌቪዥኑ ዋሸ ማለት ነው?» አለችና እንባዋን ጠረገች። «ኸላስ፣ በቃ፣ ለጤናሽ ስል ነው፤ ከእንግዲህ እሁድ መውጣት የለም።»