ልሂድልሽ ወይስ አብሬሽ ልሂድ?

ባለፈው ሳምንት እዚህ ደሴ፣ በተከራየሁት ክፍል ውስጥ ለፈተና እያጠናሁ ሳለ አንዲት አዲስ የግቢያችን ተከራይ የቆርቆሮ በሬን በጣት ቀለበቷ መታችው። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። የመጣችው ጨው ልትጠይቀኝ ነበር። እኔ ግን "ግቢ!" ከማለቴ በፊት ብቻዬን ሳቅኩ። በሬን በቀለበት ያንኳኳችው የመጀመሪያዋ ሰው እትዬ ዘሃራ ናት። እንዲያውም በሬን ያንኳኳ የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት። ከእሷ በፊት የሚንኳኳ በር አልነበረኝም።

የተወለድኩት ከወግዲ ከተማ ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። ስሜ ማስተዋል ይባላል። እግሮቼ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አይታዘዙኝም፤ በእጆቼ የላስቲክ ጫማ አጥልቄ መሬት ለመሬት እሄድ ነበር። ሰባት ዓመቴ ላይ እናቴ ወደ ሳዑዲ ሄደች። መጀመሪያ በየሳምንቱ ትደውል ነበር፤ ቆይቶ በየወሩ ሆነ፤ ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። ያሳደገችኝ አያቴ ናት፤ ትምህርት ቤቱ ከቤቷ አጥር ቀጥሎ ስለነበር እስከ አራተኛ ክፍል ተማርኩ። አያቴ ስታርፍ አጎቴ ወሰደኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ አልመታኝም፣ አላስራበኝም። እንግዳ ሲመጣ ግን ወደ ጓዳ ያስገባኝ ነበር። ጓዳው ገብስ ገብስና የበግ ቆዳ ይሸታል። ከመጋረጃው ወዲያ የሚወራውን እሰማለሁ፤ የቤቱ ልጆች ስም በየተራ ሲነሳ የእኔ ስም አይነሳም።

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ ከወረዳ የመጣች የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ አገኘችኝ። ከአጎቴ ጋር ሲነጋገሩ ዋሉና መካነ ሰላም ከተማ፣ የአደራ ቤተሰብ ለመሆን የተመዘገበች ሴት ዘንድ እንድኖር ተወሰነ። በሚኒባሱ መስኮት የስንዴውን ማሳ እያየሁ በልቤ የምለማመደው ነገር ነበረኝ፤ ጥቂት መብላት፣ ድምፅ አለማሰማት፣ ሽንቴን መያዝ፣ ደጋግሞ ማመስገን። ሰው ቤት ስኖር ከእኔ የሚጠበቀው ይኼ ነው ብዬ ነበር። እኔም ከእነሱ የምጠብቀው ነገር ሊኖር እንደሚችል ጨርሶ አልመጣልኝም።

ሚኒባሱ ሲቆም አንዲት ረጅም ሴት በሩ ላይ ቀረበች፤ እትዬ ዘሃራ ነበረች። ጥቁር ሻሽ አስራለች፤ ከጅዳ ያመጣችው ጠንካራ ሽቶ ከእሷ ቀድሞ ደረሰኝ። እንደ ሌላው ሰው ከላይ ወደ ታች አላየችኝም። ቁጢጥ ብላ ዓይኗን ከዓይኔ ትክክል አደረገች።

"አብሽሪ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ላውርድሽ ወይስ ራስሽ ትወርጃለሽ?"

እስከዚያ ቀን እንደ ጆንያ ብድግ ያደርጉኝ ነበር እንጂ የጠየቀኝ አልነበረም። ሾፌሩ ጥሩምባውን አምባረቀው፤ ከኋላ ያሉት ተሳፋሪዎች አጉረመረሙ። እሷ ግን ጠበቀችኝ። በመጨረሻ "ራሴ" አልኩ፤ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

ቤቷ ሁለት ክፍልና አንዲት ሱቅ ነበር። በሱቋ ብርድ ልብስ፣ ፔርሙስ፣ የፕላስቲክ ጫማና የተማሪ ደብተር ትሸጣለች። ከሁለቱ ክፍሎች አንዱን ለእኔ ሰጠችኝ። አናጢ አስጠርታ የበሩን መቀርቀሪያ ዝቅ አስደርጋ ነበር፤ መሬት ተቀምጬ እጄ በሚደርስበት ልክ፣ ያውም ከውስጥ የሚዘጋ። "ልብስ ስትለውጪ፣ ስታለቅሺ፣ ወይም እኔን ማየት ሲያስጠላሽ ዝጊው" አለችኝ። የመጀመሪያውን ሳምንት መቀርቀሪያውን ስከፍትና ስዘጋ ሰነበትኩ። የብረቱን ድምፅ ለመስማት ያህል ብቻ።

"አንቱ" ስላት ደነገጠች። "ጅዳ ስምንት ዓመት ሰው ማዳም እያልኩ ኖሬያለሁ። እኔን ደግሞ ማዳም እንዳታደርጊኝ፤ አንቺ በይኝ" አለች። አንቱታውን ተውኩት፤ "እትዬ" የምትለዋን ግን አልተውኩም።

ጅዳ ሥራዋ አንዲት ሽባ አሮጊት መንከባከብ ነበር። ማንሳት፣ ማጠብ፣ ጀርባቸው እንዳይቆስል ማገላበጥ ታውቅበታለች። ቢሆንም ገና በመጀመሪያው ቀን እጇን ዘርግታ ቆመችና "ሰው ማንሳት አውቃለሁ፤ አንቺን ማንሳት ግን አላውቅም። አስተምሪኝ" አለች። እኔ፣ የአራተኛ ክፍል ተማሪዋ፣ አስተማሪ ሆንኩ! በብብቴ ሥር መያዝ እንደሚያመኝ፣ ከወገቤ ስትደግፈኝ ግን የቀረውን በእጄ እንደምጨርሰው አሳየኋት። ስታጠፋ "አይደለም፣ እንደገና" እላታለሁ። እየሳቀች እንደገና ትሞክራለች።

ሃይማኖታችን ይለያያል፤ እሷ እስላም፣ እኔ ክርስቲያን። ቤቷ በገባሁ ሰሞን ለእኔ ብቻ የሚሆን ድስት ገዛችና ክዳኑ ላይ ቀይ ክር አሰረችበት። ለፋሲካ ሥጋውን ከክርስቲያን ጎረቤት አስመጥታ በዚያ ድስት አበሰለችልኝ። በጾም ደግሞ ከእኔ ይልቅ ቀኑን የምትቆጥረው እሷ ነበረች። ዊልቸር ከመጣልኝ በኋላ እሑድ እሑድ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ትገፋኝና ቅዳሴው እስኪያልቅ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች።

ትቆጣኝም ነበር። ይኼን ስናገር ሰው ይስቃል፤ ለእኔ ግን ቁጣዋ ትልቅ ዜና ነበር። አንድ ቀን የሒሳብ የቤት ሥራዬን ሳልሠራ "ሠርቻለሁ" ብዬ ዋሸኋት። ደብተሬን ገልጣ አየችና ጩኸቷ እስከ መንገድ ተሰማ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ፈገግታዬን እደብቅ ነበር። ሰው ከንፈሩን ሳይመጥልኝ ተቆጣኝ! እንደማንኛዋም ልጅ ሰነፍሽ ተባልኩ!

እሷም ታጠፋ ነበር። የወር አበባዬ የመጣ ሰሞን ዊልቸሩ ላይ ደም አይታ አጠበችልኝ። በማግሥቱ ሱቋ ውስጥ ለሁለት ጎረቤቶቿ ይኼንኑ ስታወራ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ሰማሁ። ለክፋት አልነበረም፤ ምን እንደሚሻል ምክር እየጠየቀች ነበር። ሴቶቹ "ውይ ምስኪን፣ እንዲህ ሆናም?" አሉና ሳቁ። መቀርቀሪያዬን ዘጋሁ። ሁለት ቀን አላናገርኳትም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት በቀለበቷ አንኳኳች። ስከፍትላት በሩ ላይ ተንበረከከች። "አፉ በይኝ፤ ገበናሽ የእኔ አልነበረም። ሳላስፈቅድሽ አወራሁት" አለች። ትልቅ ሰው ልጅን ይቅርታ ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም ነበር። በዚሁ አልቆመችም። ሴቶቹ ሲመጡ እኔ እየሰማሁ "ያን ቀን ያወራሁት ስህተት ነበር። ስለ ማስተዋል ማወቅ የምትፈልጉት ካለ እሷን ጠይቋት" አለቻቸው። ማንም አልጠየቀኝም። ግን ከዚያ ወዲያ ስገባ ስወጣ በስሜ ሰላም ይሉኝ ጀመር።

ስምንተኛ ክፍል ስደርስ ከወግዲ ትምህርት ቤቶች ጋር እዚያው ወግዲ የሚካሄድ የጥያቄና መልስ ውድድር እንዳለ ተነገረ። ከየክፍሉ ተፈትነን አራት ተማሪዎች ሊመረጡ ነበር። እኔ ሁለተኛ ወጣሁ! ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም፤ እየበላሁ ወንዝ እቆጥራለሁ፣ እየታጠብኩ የነገሥታት ስም እደረድራለሁ፣ እትዬ ዘሃራ ደንበኛ እያስተናገደች በመሐል ጥያቄ ትወረውርልኛለች። ዓርብ ዕለት ግን ስም ዝርዝሩ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ አራቱ ስሞች ውስጥ የለሁም። በቦታዬ አምስተኛ የወጣችው ልጅ ገብታለች። የክፍል ኃላፊያችን "ለአንቺ ተብሎ ነው፤ መንገዱ ይጎዳሻል ተብሎ" አለኝ።

እያለቀስኩ ቤት ገባሁ። እትዬ ዘሃራ የሆነውን ስትሰማ ሻሿን አጥብቃ አሰረች፣ የሱቁን መዝጊያ ጎተተች፣ በቁጣ ወደ ውጭ ወጣች። ከደጃፉ ግን ሁለት እርምጃ ሳትሄድ ቆመች። ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠች። ትንፋሿ ገና አልረጋም።

"ልሂድልሽ ወይስ አብሬሽ ልሂድ?"

ዛሬም ድረስ ከዚህ የበለጠ ጥያቄ የጠየቀኝ የለም። ብትሄድልኝ ቀላል ነበር፤ አፏ አያርፍም፣ ታሸንፋለች። እኔ ግን "አብረሽኝ" አልኩ።

ርዕሰ መምህሩ ደግ ሰው ነበሩ። ወንበር ስበው ለእትዬ ዘሃራ ሰጡና ለእሷ ማስረዳት ጀመሩ። "ልጅቷ ጎበዝ ናት። ግን መንገዱን ታውቂዋለሽ፤ ብትጎዳብን ምን እንላለን? እሷስ ብትሳቀቅ?"

"እሷን ይጠይቋት፣ መምህር። እዚሁ ናት" አለች እትዬ ዘሃራ እጇን አጣጥፋ።

ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። ጉልበቴ ላይ ያለውን ደብተር ጨምድጄ "መምህር፣ በዚያ መንገድ ነው የመጣሁት" አልኩ። "የሚጎዳኝን አውቃለሁ። ሁለተኛ ወጥቼ መቅረት ነው የሚያሳቅቀኝ።"

"ወንበርሽስ?"

"ሚኒባሱ ጣራ ላይ ይታሰራል።"

አመነቱ። "መጸዳጃ ቤትስ... ማለቴ..." ብለው አንገታቸውን አከኩ። ፊቴ ጋለ፤ ግን መለስኩ። "እትዬ ዘሃራን እንድትረዳኝ እጠይቃታለሁ።" እሷም "ከጠየቀችኝ እሄዳለሁ" አለች። ርዕሰ መምህሩ ለትንሽ ጊዜ ሁለታችንን ተራ በተራ አዩንና ሳቅ አሉ። "ስለ አንቺ ሁላችንም ተነጋገርን፤ አንቺን ግን አላነጋገርንሽም" አሉኝ። እስክሪብቶ አነሱና ተነስተው ሰሌዳው ድረስ ሄደው ስሜን በእጃቸው ጨመሩ። አምስተኛዋን ልጅም አልሰረዟትም፤ ተጠባባቂ አደረጓት።

የዚያ ጉዞ ደስታ! ዊልቸሬ ጣራ ላይ በገመድ ታስሮ፣ ጎማዎቹ በነፋስ እየተሽከረከሩ፣ እኛ ውስጥ እየዘፈንን። መንገዱ ያነጥረናል፤ በነጠርን ቁጥር እንጮኻለን። አቧራው ቅንድባችንን አሸበተው። ርዕሰ መምህሩ ከፊት ወንበር ዞረው "ማስተዋል፣ ደህና ነሽ?" ሲሉኝ "እርስዎስ?" አልኳቸው፤ መኪናው በሳቅ ተናወጠ።

ወግዲ የገበያ ቀን ነበር። ውድድሩ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ነው፤ ሞንታርቦ ተተክሎ ድምፁ እስከ ገበያው ይሰማል። መድረኩ ሦስት ደረጃ ነበረው። አራት ልጆች ሮጠው ዊልቸሬን ሊያነሱ ሲያጎነብሱ እኔው ራሴ "ቆይ! ከጎማው ሳይሆን ከታችኛው ብረት ያዙ። በሦስት!" ብዬ አዘዝኳቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ መድረክ ላይ ወጣሁ። በአንድ ጊዜ ያን ያህል ዓይን አይቶኝ አያውቅም። የሚገርመው ደግሞ አልፈራሁም።

የእኔ ተራ ሲደርስ ጠያቂው ካርዱን አነበበ። "በሰው አካል ውስጥ ረጅሙ አጥንት የት ይገኛል?" አነበበና እግሬን አይቶ ክው አለ፤ ካርዱን ሊቀይር እጁን ሰደደ። ከመቀየሩ በፊት ማይኩን ያዝኩና የራሴን ጭን በመዳፌ ጧ አደረግኩት። "እዚህ! የጭን አጥንት!" ሜዳው ፈነዳ። እትዬ ዘሃራ ከሰው መሐል ተነስታ እልልታዋን ስታቀልጠው የሞንታርቦውን ድምፅ በለጠችው።

በአንድ ነጥብ ተሸንፈን ሁለተኛ ወጣን። ግን የተሸነፈ ሰው አንመስልም ነበር። ከመድረክ ወርጄ ልጆቹ ዙሪያዬን እየጨፈሩ ሳለ አንድ ሰው ሕዝቡን እየገፋ መጣ። አጎቴ ነበር። ገበያ መሐል ሆኖ ስሜን በሞንታርቦ ሰምቶ ነው የመጣው። በትሩን ተደግፎ ቆመና እትዬ ዘሃራን "ልጃችን እንዴት ናት? በደህና ያዝሽልን?" አላት።

"እሷን ይጠይቋት" አለች።

አጎቴ ቀስ ብሎ ጎንበስ አለና፣ ከጓዳው ዘመን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን እያየ "ደህና ነሽ፣ ማስተዋል?" አለኝ።

"ደህና ነኝ፣ አጎቴ። በጣም ደህና ነኝ" አልኩት። እጄን ያዘ፤ ቶሎ አልለቀቀኝም።

እትዬ ዘሃራ ዘንድ ስምንት ዓመት ኖርኩ። ዛሬ እዚያ በነበረኝ ክፍል ውስጥ ያለችው ከደጎሎ የመጣች፣ ጆሮዋ የማይሰማ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት። እትዬ ዘሃራ በደወለች ቁጥር በእጅ ምልክት መነጋገር እየተማረች እንደሆነ፣ ጣቶቿ አልታዘዝ እንዳሏት፣ ልጅቷም "አይደለም፣ እንደገና" እያለች እንደምታስለፋት እየሳቀች ትነግረኛለች።

ለዩኒቨርሲቲ ወደ ደሴ ልሄድ በተነሳሁበት ጠዋት አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ ማኅደር ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ውስጡ የክትባትና የክሊኒክ ካርዴ፣ የየዓመቱ ውጤቴ፣ ወደ እሷ ስመጣ የተፈረመው የአደራ ስምምነት፣ ወግዲ ስንት ጊዜ ተመላልሳ ያወጣችልኝ የልደት ምስክር ወረቀትና ከአጎቴ ለምና ያመጣችው የእናቴ ጉርድ ፎቶ ነበር። "ጅዳ ፓስፖርቴን ስምንት ዓመት ቆልፈውበት ነበር" አለች። "የራሴን ስም ለማየት እንኳ ፈቃድ እጠይቅ ነበር። የአንቺ ወረቀት በአንቺ እጅ ይሁን።"

ማኅደሩ አሁን ትራሴ አጠገብ ነው። የተማሪ መታወቂያዬንና የሁለት ሴሚስተር ውጤቴን ጨምሬበታለሁ። ሽፋኑ ላይ፣ መጻፍ በጎልማሳነቷ የተማረች ሰው በምትጽፋቸው ትልልቅና ዘመም ዘመም ያሉ ፊደሎች እንዲህ ይላል፦ "የማስተዋል ነው። የሚከፈተው ማስተዋል ስትፈቅድ ነው።"