በእንግሊዝ መርከብ የበላ ሰው

በዚህ በወረርሽኙ ብርድ፣ ሶዌቶ ካለው የልጄ ሱቅ ፍርግርግ ጀርባ ተቀምጬ ሳለሁ፣ የመልሕቅ ምስል ያለባቸው የናስ ቁልፎች የተደረደሩበት ጥቁር ሰማያዊ ካፖርት የለበሰ ሽማግሌ መጥቶ «ሳውቦና፣ ማማ» ብሎ በአገሩ ቋንቋ ሰላም አለኝ። ጭምብሌን ሳብ፣ ወንበሬን ሸሸት አደረግሁ፤ የካፖርቱ የናፍታሊን ሽታ ግን ጭምብሉን አልፎ ድሬዳዋ፣ ባቡር ጣቢያው ጥግ ካለው ግቢያችን ወስዶ ጣለኝ።

ጎረቤታችን ጋሽ ወልዴ እንዲህ ያለ ካፖርት ነበራቸው። በወጣትነታቸው ከጅቡቲ ተሳፍረው፣ ቀላል ክሩዘር በሚሏት አሮጌ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ማድ ቤት ድንች ሲልጡ ኖረዋል። ግራጫ፣ ቀጭን፣ ባሕሩን እንደ አቡጀዲ እየተረተረች የምትሮጥ፣ መድፏ ሲተኮስ ድስት ሁሉ ከመደርደሪያው የሚዘልባት መርከብ ነበረች። እኛ ልጆቹ አፋችንን ከፍተን እንሰማለን፤ ትልልቆቹ የሚያሳስባቸው ግን ሰውዬው እዚያ ምን ሲበላ ኖረ የሚለው ነበር።

ነገሩ የከረረው ጋሽ ወልዴ የሚካኤል ማኅበር ልግባ ሲሉ ነው። ዘመድ አልነበራቸውም፤ ሲሞቱ ቀባሪ እንዳያጡ ፈሩ። ጽዋው ደግሞ ከአፍ ወደ አፍ የሚዞር ነው። አንዳንዱ እንደ ካደ ሰው ቄደር ይጠመቁ አለ።

«ድንች መላጥ ክህደት ነው?» ብለው ጮኹ ጋሽ ወልዴ።

እናቴ፣ የዓሳማን ስም እንኳ ጠርታ አፏን የምትጉመጠመጥ ሴት፣ «ድንቹስ በምን ተጠበሰ?» አለቻቸው።

«በዘይት ነዋ!»

«ሲጨመቅ አይተዋል?»

ተራው እኛ ቤት በደረሰ ዕለት ጋሽ ወልዴ ሳይጠሩ መጥተው በሩ ሥር ተቀመጡና ከካፖርታቸው ኪስ ጣሳ አወጡ። «ለኔ በዚህ ይቀዳልኝ፤ የናንተን ጽዋ አላረክስም» አሉ። ቀጂው እንስራውን ዘንበል ሊያደርግ ሲል እናቴ ተነስታ ጣሳውን ከእጃቸው ነጠቀችና ጽዋውን አስያዘቻቸው።

«የሚካኤል ጽዋ አንድ ነው፤ ይጠጡ!»

ግማሹን ደረታቸው ላይ አፍስሰው ጠጡ። ከሳቸው ቀጥሎ ማን ይጠጣ? ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። እናቴ ተራዋ ሳይደርስ ጽዋውን ተቀበለች፣ አማተበች፣ ኮሶ እንደሚጠጣ ሰው ዓይኗን ጨፍና ጨለጠችው።

«የዘይቱ ነገር ግን አልተዘጋም!» አለች አፏን እየጠረገች። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ፤ የቀጣዩም ሰው እጅ ተዘረጋ።

እስኪሞቱ ጠረጠረቻቸው፤ ሲሞቱም ወንድሟ እንደሞተባት አለቀሰች። እኔም በሰው አገር ጾምና ጸሎቷን አላስታጎልኩም፣ ጥርጣሬዋንም፣ ወንበሬን ከሽማግሌው እስከማሸሽ ድረስ፣ ሳላጎድል ወርሻለሁ፤ ያ እየጠረጠረም የሚጠጣ ጉሮሮ ግን አብሯት ተቀበረ።