የሦስት ሰዓቱ ቁጥር

ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። የነርሶች አስተባባሪያችን የስድስት ሕሙማን መከታተያ ቅጽ አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠች። ከሰዓት በኋላ ገምጋሚዎች ይመጣሉ፤ ነርሶቹ ሕሙማንን በደንብ ለሚከታተሉበት ጤና ጣቢያ የምስክር ወረቀት ይሰጣሉ። መጀመሪያ የሚያዩት ደግሞ ቅጹን ነው።

«ባዶ ቦታ እንዳላይ፣ እሺ የኔ ዝምተኛ?»

እሺ አልኩ። እምቢ ማለት አይሆንልኝም።

በሩ አጠገብ ያለው አልጋ ላይ ከአርዲቦ ሐይቅ ወዲያ የመጡ እናት ተኝተዋል። ሳንባቸውን ታመው ከገቡ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ተረኛ ሆኜ ስገባ «ነይማ፣ ጎንበስ በይ» ይሉኝና ራሴን ዳብሰው ይመርቁኛል። አስታማሚ ልጃቸው «እማ፣ ተያት እንጂ፣ ሥራ አላት» ስትላቸው «ዱአዬ ምን ያህል ሥራ ያስፈታታል?» ብለው ይስቁባታል።

የዚያን ቀን ጎንበስ አላልኩም። ከግርጌያቸው ቆሜ «እንዴት ነዎት እናቴ?» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ።»

እዚሁ አገር ነው ያደግኩት። እናቴም ብትሆን ወገቧ ተቆርጦ እያቃሰተች እንኳ ከዚህ ሌላ መልስ የላትም። ምስጋናው ለአላህ እንጂ ለነርስ የተሰጠ መልስ አለመሆኑን አውቃለሁ። እያወቅሁ እንደ መልስ ወሰድኩት። በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚተነፍሱ ሳልቆጥር ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የተጻፈውን «ሃያ» ደግሜ ጻፍኩ፤ ፈርሜ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፍኩ።

ስምንት ሰዓት ላይ ከገምጋሚዎቹ አንዱ ያንኑ ቅጽ አነሣ። «ቅጽ ማለት ይኼ ነው!» አለ። ተጨበጨበ። አንገቴን ስደፋ «አፍራ ነው» ብለው ሳቁ። በረንዳው ላይ ተሰልፈን ፎቶ ስንነሣ የእኚያ እናት ልጅ እየሮጠች መጣች።

«እህቴ፣ እማ ስጠራት አትመልስልኝም።»

ሮጬ ስደርስ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ኦክስጅን ሰጠናቸው። ወደ ደሴ ሊወስዳቸው የተጠራው አምቡላንስ ሳይነሣ አረፉ።

ልጃቸው እያለቀሰች እጄን ያዘች። «ለፍተሽላታል እህቴ፣ አላህ ይክፈልሽ» አለችኝ። ሦስት ሰዓት ላይ ቆጥሬ ቢሆን ይተርፉ እንደሆነ አላውቅም። አምስት ሰዓት ሙሉ ጊዜ እንደነበረን ግን አውቃለሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ቅጹን ከመዝገብ ክፍል አወጣሁት። ዩኒቨርሲቲ እንዳስተማሩን፣ የተሳሳተ ጽሑፍ አይፋቅም፤ እንዲነበብ ሆኖ አንድ መስመር ይሰመርበታል፣ አጠገቡም ይፈረማል። ሃያዋ ላይ አንድ መስመር አሰመርኩ። «አልተቆጠረም» ብዬ ጽፌ ፈረምኩና አስተባባሪዋ ፊት አኖርኩት።

«የምስክር ወረቀቱን ልታስነጥቂን ነው?» አለችኝ።

ቅጹን እዚያው ትቼላት ወጣሁ። በባጃጅ እስከ ለቅሶ ቤቱ ሄድኩ። ልጃቸው ገና ስታየኝ ተነሣች፤ ሁለት እጆቿን ዘርግታ እንደ እናቷ ልትመርቀኝ ጀመረች።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ስሚኝ» አልኳትና ነገርኳት።