በገመዳ ማሳ ላይ የሰበርኩት መስቀል

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። አንተ የምታነበው ስማኝና ፍረድ፤ እኔ ግን አንገቴን ደፍቼ አልናገርም።

መስቀሉን የሰበርኩት እኔ ነኝ።

ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት በፊት አዳማ ውስጥ ድንጋይ ጠራቢ ነበርኩ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በኦቦ ገመዳ ማሳ መካከል፣ መስቀል የተቀረጸበት የሰው ቁመት የሚያህል ድንጋይ ቆሞ ነበር። በማን ዘመን እንደተጠረበ የሚያውቅ የለም። ገመዳ እስላም ነው፤ ግን እሱም አባቱም ሲያርሱ በሬዎቻቸውን በዙሪያው ያዞሩ ነበር እንጂ ነክተውት አያውቁም። እናቴ ልጅ አጥታ የተሳለችው እዚያ ነው፤ እኔን ወለደች።

አንድ ፈረንጅ የፈቃድ ወረቀት ይዞ መጣ። ድንጋዩን ነቅዬ ባቡር ላይ እንድጭንለት ቀጠረኝ። ለምን ሄድኩ? እኔ እምቢ ብል ሌላ ጠራቢ እንደሚቀጥር አውቅ ነበራ! ጠዋት ገመዳ መንገዱን ዘግቶ፣ "የሙታን አደራ ነው፤ ከእኔ ማሳ አይወጣም!" ብሎ ጮኸ። የፈረንጁ ሰዎች ገፈተሩት።

ቀትር ላይ ፈረንጁና ሰዎቹ ከጉብታው ማዶ ግራር ሥር ምሳቸውን ሲበሉ፣ የብረት ሽብልቄን መስቀሉ መሐል አስገብቼ በመዶሻ መታሁት። ሦስት ቦታ ተሰነጠቀ። የተሰበረ ነገር አይወስድም ብዬ ነው። አልወሰደውም፤ ጥሎት ሄደ። በዚህ አልጸጸትም። ዛሬም ቢሆን እመታዋለሁ።

ግን ያን ቀትር ፈረንጁ "ማነው የሰበረው?" ሲለኝ ምን አልኩ? እኔ፣ የስለት ልጅ ነኝ ባዩ እኔ፣ "ውሃ ልጠጣ ስወርድ ነው፤ ጠዋት ሲጮህ የነበረው ሰውዬ ነው" አልኩ። ፈረንጁ ከሰሰ፤ የአካባቢው ጭቃ ሹም ገመዳን በገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ እያየ አስገረፈው። እኔም ቆሜ አየሁ።

ወራት ቆይቶ ሞጆ መንገድ ላይ ተገናኘን። ጀርባው አልቀና ብሎት በዱላ ይሄድ ነበር።

"ስንጥቁ የሽብልቅ ምት ነው፤ አይቼዋለሁ" አለኝ። "እኔ ሽብልቅ የለኝም፣ ልጄ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገሩም?"

"አንተ ጠራቢ ነህ፤ ቢይዙህ ድንጋዩን ጠግነህ ጫን ይሉህ ነበር።"

ይህን ብሎኝ አለፈ። ይቅርታ አልጠየቅኩትም፤ እሱም ይቅር አላለኝም። አሁን ሞቷል። ስለ ድንጋዩ ማንም አይጠይቀኝ። ስለ ገመዳ ጀርባ ግን፣ ቄስም ቢሆን "ይፍታህ" እንዲለኝ አልፈልግም።