ብቻውን ያየው ባሕር

በአውቶቡስ ጣቢያችን አንደኛ መስኮት ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ቲኬት የቆረጠውን ሰው ሁላችንም «አዋቂው» እንለው ነበር። እኔ ሁለተኛው መስኮት ላይ ነበርኩ። በመካከላችን ያለው የጣውላ ግድግዳ ስስ በመሆኑ ሲያስነጥሰው «ይማርህ» እለዋለሁ፣ እሱም «ያኑርህ» ይለኛል።

አዋቂ ያሰኘው፣ መንገደኛው ለምን እንደሚሄድ ከአነጋገሩ መለየቱ ነው። አንዲት ሴት «ቀድሞ የሚወጣው የትኛው ነው?» ብላ ጠይቃ ቲኬቷን ይዛ ስትሄድ፣ ግድግዳውን ኳ ኳ ያደርግና፣ «ሰማህ? ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቀችም እኮ። ይህቺ የምትለቀው እንጂ የምትሄድበት የላትም» ይለኛል። አንዱን ጎልማሳ «ደርሶ መልስ ነው?» ቢለው፣ «እሱንማ አማቴን አይቼ ነው የምወስነው» ብሎ መለሰለትና ሳቃችን እስኪበርድ ሰልፉ ቆመ።

አንድ የሒሳብ መምህር ደግሞ ነበር። በየወሩ መጨረሻ፣ ዘመድም ጉዳይም ወደሌለው ከተማ ሄዶ በማግስቱ ይመለሳል። እኔ ውሽማ ብትኖረው ነው አልኩ። አዋቂው ሳቀብኝ።

«የምን ውሽማ! እዚህ የእገሊት ባል፣ የእነእገሌ አባት፣ የሰፈሩ ሁሉ መምህር ነው። እዚያ ማንም አያውቀውም። ሰው እኮ ሁልጊዜ አገር ለማየት አይሄድም፣ ወዳጄ። ከሚያውቁት ሰዎች ዓይን ትንሽ ሊያርፍም ይሄዳል።»

እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው ብዬ አደነቅሁት። ስለ ራሱ እየነገረኝ እንደሆነ አልገባኝም።

ሰውን ሁሉ ስንሸኝ ኖረን እኛ የትም አልሄድንም። ባሕር ሁለታችንም አይተን አናውቅም ነበር። ስለዚህ ጡረታ ስንወጣ አብረን ሄደን ልናይ ተማማልን፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉም አወራነው። እኔ ከጫኝነት ተነስቼ፣ ፊደልን በጎልማሳነቴ ከቲኬት ጉርድ ላይ ለቅሜ እዚያ መስኮት የደረስኩ ሰው ነኝ። ለራሴ ብዬ የተመኘሁት ይህን አንድ መንገድ ነበር። ሻንጣ ገዛሁ። ባለቤቴ ሸሚዞቼን ተኮሰች። ከሹፌሩ ጀርባ ሁለት ወንበር በራሴ እጅ ያዝኩ።

በመጨረሻው የሥራ ቀናችን፣ ልንሄድ ሦስት ቀን ሲቀረን፣ አዋቂው ረፋዱ ላይ ከመስኮቱ ተነሳ። ባርኔጣውን ደፋና «መጣሁ» አለኝ።

ቋንቋችን እንዲህ ነው። የሚሄድ ሰው «መጣሁ» ይላል፣ የሰማውም አምኖ ይቀመጣል። እኔም ተቀመጥኩ። በእሱ መስኮት የተሰለፉትን «አሁን ይመጣል፣ ታገሱ» እያልኩ እስከ ምሳ ጠበቅሁት። በኋላ የሦስተኛው መስኮት ቆራጭ አንገቷን ደፍታ መጣች።

«ጋሼ፣ እሳቸውን አይጠብቁ። በአራት ሰዓቱ አውቶቡስ ሄደዋል።»

«ወዴት?»

«ወደ ባሕሩ። ትናንት እኔ ነኝ የቆረጥኩላቸው። ለእርስዎ እንዳልናገር አስምለውኝ ነው።»

«መሄጃ ብቻ?»

«አይ፣ ደርሶ መልስ።»

መሄጃ ብቻ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሄዶ ለቀረ ሰው፣ አንድ የከበደው ነገር ነበረበት ብሎ ልብ ይፈርድለታል። ይሄ ግን የሸሸው እኔን ነው፣ ያውም ለስምንት ቀን። ሹፌሮቹም ጫኞቹም አውቀው ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፣ የዚያን ዕለት ጠዋት እንኳ «ለመንገዱ ተዘጋጀህ?» ሲሉኝ ነበር። ቤት ስገባ ባለቤቴ ፊቴን አየችና ሸሚዞቹን አንድ በአንድ ከሻንጣው አወጣች።

በዘጠነኛው ቀን፣ ፊቱ ጠቁሮ አፍንጫው ተልጦ፣ ደጃፌ ላይ ቆመ።

«ግባም አትለኝ?»

«ለምን?» አልኩት። የጠየቅሁት ገብቶታል።

«አንተ ካለህ እዚያም ያው አዋቂው ነኝ። ይሄ ለዚህ መጣ፣ ያቺ ለዚያ መጣች እያልኩህ፣ አንተም እየሳቅህልኝ ልንመለስ ነው። አንዴ እንኳ ዝም ብዬ ማየት ፈለግሁ።»

«ታዲያ ይህንኑ አትነግረኝም?»

«ብነግርህ እሺ ትለኛለህ። እሺ ካልከኝ በኋላ ጥዬህ መሄድ አልችልም።»

«ስለዚህ መዋሸቱ ቀለለህ።»

ባርኔጣውን አወለቀና፣ «በሚመጣው ወር አብረን እንሂድ» አለኝ። «ደግሜ ባየው ደስ ይለኛል። ውኃው እኮ ጠዋት ጠዋት…»

«ተው!» አልኩት። «ስለ ባሕሩ አንዲት ቃል እንዳትነግረኝ።»

ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት በሕይወት ኖረ። መንገድ ላይ ስንገናኝ ባርኔጣችንን አንስተን ስለ ጤና እንጠያየቅ ነበር። ልጆቼ «አባባ፣ እኛ እንውሰድህ» ይሉኛል፤ እምቢ እላለሁ። ግትርነት ይመስላቸዋል። የሰውን ሁሉ መንገድ ምክንያት ስንፈታ ኖረን፣ የራሴን ያወቅሁት ከቀረሁ በኋላ ነው። ልሄድ የፈለግሁት ባሕሩን ለማየት አልነበረም፤ ባሕሩ ድንገት ብቅ ሲል እሱ የሚለውን ለመስማት ነበር። ያን ቀን የሆነ ነገር ሳይል አልቀረም። አጠገቡ የተቀመጠ የማያውቀው መንገደኛ ሰምቶት ይሆናል።