እጇን የፈራነው ቄስ

ልጄ ያለ ጊዜዋ ተወለደች። ዶክተሩ፣ "ሳንባዋ አልጠነከረም፤ ዛሬን ካለፈች ተስፋ አለ" ሲለኝ ከቃሉ ይልቅ ያስደነገጠኝ ዓይኑን ከእኔ ማሸሹ ነበር።

ያን ሳምንት ቶሮንቶ በበረዶ ተቀብራ ነበር። ባለቤቴ ሬክስዴል ያለው ፋብሪካ የሌሊት ሺፍት እንደገባ መንገድ ተዘግቶበት እዚያው ቀረ። አጠገቤ የነበሩት አማቴ ብቻ ናቸው። ከአገር ከመጡ ዓመት አልሞላቸውም፤ እንግሊዝኛ አይሰሙም። የልጄን ትንፋሽ የሚከታተለው ማሽን በጮኸ ቁጥር ግን የነጠላቸውን ጫፍ ጭብጥ ያደርጋሉ።

"ክርስትና ሳትነሳ ብትሄድብንስ?" አሉኝ በሹክሹክታ።

እኔም የፈራሁት እሱን ነበር። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው። ለሞት የቀረበች እንደሆነ ግን ቀን አይጠበቅም። ኮሪደር ካለው ስልክ ኖርዝ ዮርክ ለሚኖሩት ቄሳችን ኮል አደረግኩ። "በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ፣ ልጄ" አሉኝ። ብዙ ሳይቆይ ነርሷ ለስልክ ጠራችኝ። የቄሱ ባለቤት ናቸው። አባ በረዶው ላይ ወድቀው ጎረቤት ደግፎ ቤት መልሷቸዋል።

ማልቀሴን ያየችው ነርስ፣ "የሆስፒታሉን ቄስ ልጥራልሽ?" አለችኝ። እሺ አልኩ። የጠበቅኩት ወንድ ነበር።

የመጣችው ፀጉሯ የሸበተ፣ ጥቁር ሸሚዟ ላይ የቄስ ነጭ አንገትጌ ያደረገች ሴት ናት። ነርሷ በኩራት አስተዋወቀችኝ፦ የነገረ መለኮት መምህርት ናት፤ ሴቶች ቅስና እንዲቀበሉ ስትሟገት ኖራ ራሷም ከመጀመሪያዎቹ ሴት ቄሶች አንዷ ሆናለች።

"ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?" አሉ አማቴ።

"ቄስ ናት፣ እማማ።"

"ሴት?" አማተቡ። ተነስተውም ልጄ የተኛችበትን የማሞቂያ ሳጥን ከልለው ቆሙ።

እንድትነካት ብፈቅድና ልጄ ብትሞት፣ እናቷ ለመናፍቅ አሳልፋ ሰጠቻት መባሌ ነው። ከሰው አፍ ይልቅ ደግሞ የእግዚአብሔር ቁጣ አስፈራኝ።

ሴትየዋ ከበሩ አላለፈችም። "ቤተ ክርስቲያናችሁ የእኔን ጥምቀት እንደማትቀበል አውቃለሁ" አለችኝ። "ይህን ሳልነግርሽ ልጅሽን አልነካም።"

"ታዲያ ለምን መጣሽ?"

"ስለጠራሽኝ። በራሴ ቤተ ክርስቲያንም ከእጄ ላለመቁረብ ሰልፍ ቀይረው ወደ ወንዱ ቄስ የሚሄዱ አሉ። ቆሜ እጠብቃለሁ እንጂ ማንንም አልጎትትም።"

ለአማቴ ተረጎምኩላቸው። ወዲያው ማሽኑ ጮኸ። የልጄ ከንፈር ጠቆረ። ነርሶቹ እየሮጡ ገብተው ወደ ግድግዳው ገፉን። አማቴ የሴትየዋን እጅጌ ጨምድደው ያዙ።

"በያት! ምን ትጠብቃለች? በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ትበልልኝ!"

"እማማ፣ ኋላ ቤተ ክርስቲያን..."

"ኋላ እኔ እጠየቅበታለሁ!"

ሴትየዋ የልጄን ስም ጠየቀችኝ። ገና ስም አላወጣንላትም። አማቴ የእናታቸውን ስም ጠሩ። ነርሶቹ መሃል ቦታ ለቀቁላትና ጣቷን ውሃ ነክራ በሳጥኑ ቀዳዳ እጇን አስገባች። የልጄን ግንባር ሦስት ጊዜ አራሰች።

ዶክተሩ የመተንፈሻ ቱቦዋን ለወጠ። የልጄ መልክ ቀስ እያለ ተመለሰ። የቱ እንዳዳናት አልከራከርም። ሴትየዋ ባሌ በረዶ ለብሶ እስኪደርስ ድረስ መሃላችን ተቀምጣ ቆየች።

ልጄን ቤት ካስገባን በኋላ ሌላ ፍርሃት ያዘኝ። ቄሳችን ቢያባርሩንስ? አማቴ ግን ፊታቸው ቆመው አንድም ሳያስቀሩ ነገሯቸው። "ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አባ" አሉ።

"ሴትየዋ ጥላችሁ ሄደች?" ሲሉ ቄሱ ጠየቁ።

"አልሄደችም፣ አባ።"

"እኔ ሳልደርስላችሁ ቀረሁ።" መስቀላቸውን አሳለሙን። "አሁን ያላችሁኝን አልሰማሁም። ሰማንያ ቀኗ ሲሞላ አምጧት።"

እንዳሉት አጠመቋት። አማቴ ሴት ትቀስስ ብለው አያውቁም፤ ሰው በሴት ቄስ ሲሳለቅ ግን ተነስተው ይወጡ ነበር። እኔ ልጄ ትምህርት ቤት እስክትገባ ድረስ ተኝታ ባየኋት ቁጥር ትንፋሿን ሳላዳምጥ አላልፍም ነበር።